ለማይታወቅ ወር የተተከሉ አበቦች

መጋቢት መጀመሪያ ነበር፤ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት። ወይስ የካቲት ማለቂያ? ቀን ላይ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ረመዳን ግን ገብቶ ነበር፤ የእትዬ ሐሚዳ ሱቅ ደጃፍ ጀንበር ስታዘቀዝቅ በሚያፈጥር ሰው ይሞላ ነበር። እዚያው ደጃፍ ላይ ያለው ቅጠል አልባ፣ ግንዱ እንደ ጠርሙስ ያበጠ ተክልም አብቦ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሙቀቱ ካልበረታ አያብብም። እንግዲያው መጋቢት ይሁን።

መተማ ዮሐንስ የተወለድኩባት ከተማ ናት። ልጅ ሳለሁ በእናቴ ደጃፍ አንድ ቢጫ አበባ ነበር። ያ ቤት ዛሬ የሰሊጥ መጋዘን ሆኗል፤ አበባው ግን አሁንም አልፎ አልፎ በሕልሜ ይመጣል። ስሙን አላውቅም፤ ማን እንደተከለውም አላውቅም። ከዚያ ዘመን ጎረቤቶቻችን መካከል የቀሩት እትዬ ሐሚዳ ብቻ ስለሆኑ፣ እሳቸውን ልጠይቅ ሄድኩ።

እትዬ ሐሚዳ ወደ ኬላው በሚወስደው መንገድ ዳር ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ።

«የመምህሩ ልጅ!» አሉኝ ገና በሩ ጋ ሳልደርስ። «ወፍረሃል! ዩኒቨርሲቲ ሰው ያወፍራል እንዴ?»

«የሚያወፍረውስ ወንበሩ ነው፣ እትዬ።»

«ተቀመጥ እንግዲህ፣ ወንበር ከለመድህ።»

ተቀመጥኩ። ጥያቄዬን ልጀምር ስል አንዱ ሳሙና ሊገዛ መጣ፤ እሱ ሲሄድ ሌላው ስኳር አለ። በመሃል ዓይኔ በአበባ የተሞላው ደጃፋቸው ላይ አረፈ። በልጅነቴ የማውቀው ያ አቧራ የት ሄደ? እንዴት እንዲህ ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው። የመጣሁበት ጥያቄ በዚህ ተገፋ።

ነገሩ የጀመረው ከልጃቸው ከሩፊዳ ነው። ሩፊዳ ተድራ ወደ ኦምዱርማን ስትሄድ ደጃፉ ላይ ከአቧራ በቀር ምንም አልነበረም። ከመኪናው መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «እማ! ስመለስ ከአቧራ ሌላ የሚቀበለኝ ነገር ይኑር!» ብላ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፤ በዚያው ዓመትም መትከል ጀመሩ። ከዚያ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ተነሣ። ሩፊዳ ልጆቿን ይዛ ወደ ወድ መደኒ ሸሸች፤ ከወድ መደኒም እንደገና ሸሸች። ስልኩ በሠራ ጊዜ ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ እመጣለሁ። መቼ እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም።

«ወሩን ባውቀው አንድ አበባ ይበቃኝ ነበር» አሉ እትዬ ሐሚዳ። «ወሩ አይታወቅም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ማበብ ሊኖርብኝ ነው።»

ሲመርጡም ሕግ ነበራቸው፦ ፍየል የማይበላው፣ ውሃ የማይለምን፣ ሲረሱት የማያኮርፍ። ለክረምት ዘሩን ራሱ እየበተነ የሚበቅል ባለ ሮዝ ትንሽ አበባ አለ፤ መራራ ስለሆነ ፍየል አሽትቶት ያልፋል። መስከረም ላይ ከእርሻው ዳር ዘሩ የመጣው ቢጫ አደይ ይፈነዳል። ከኅዳር እስከ የካቲት አጥሩን ቡጌንቪላ ያለብሰዋል። ዓረቦቹ ስሙን ከጀሃነም ነው የወሰዱለት።

«የጀሃነምን አበባ አጥሬ ላይ ሰቅዬ ጀነትን እለምናለሁ» ብለው ሳቁ። «ወላሂ፣ እሾሁን ስታይ ስሙ አይበዛበትም።»

ግንቦት የድሬዳዋ ዛፉ ይቀላል። የቀረው ቡጌንቪላው ከረገፈ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ምድር እንደ ምጣድ የሚግልበት መጋቢትና ሚያዝያ ነው። ያንን የሚሞላው ከድንጋያማው ተራራ ያስመጡት ያ ባለ ወፍራም ግንድ ተክል ነበር። ማግኘቱ ራሱ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ውሃ ቀድተው አያጠጡም። ከሶላት በፊት ሰው ሁሉ ውዱእ የሚያደርገው እሳቸው ደጃፍ ነው፤ ኢብሪቁን፣ ያን የውሃ ማንቆርቆሪያ፣ አንሥቶ እጅና እግሩን ሲታጠብ፣ ሳሙና ያልነካው ውሃ በቀጥታ ወደ አበቦቹ ሥር ይወርዳል። ሰፈሩ በሰገደ ቁጥር አትክልቱ ይጠጣል።

ይህን እያወጉኝ ደሞዝ መጣ። አብሮ አደጌ ነው፤ ወላጆቹ ከጎጃም የመጡ፣ እሱ ሰሊጥ የሚያርስ። ከእርሻ ሲመለስ እግሩን እዚያው መታጠብ ልማዱ ነው።

«አንተ ደሞዝ፣ ሳትሰግድ እግር ብቻ?» አሉት።

«ለአበባው ብዬ ነው እንጂ፣ እትዬ፣ የኔ እግርማ አቧራውን ለምዶታል።»

ኢብሪቁን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ግን ቆመ። ያበጠውን ግንድ በአውራ ጣቱ ጫን አለው፤ ጣቱ ገባ።

«እትዬ ሐሚዳ፣ ይሄ በስብሷል።»

ሦስታችንም ዙሪያውን ከበብነው። ሥሩ ስር ያለው አፈር ጭቃ ሆኗል። ነገሩ ያኔ ገባን። በረመዳን ለማፍጠር የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም ደግሞ ያበበውን እያየ እሱው ላይ ነበር የሚታጠበው። ውሃ የማይወደውን ተክል ምእመኑ ሁሉ ተረባርቦ አጠጣው።

«ይሄንስ የገደለው ሶላት ነው» አለ ደሞዝ።

«ዝም በል! አንተ ያመጣህልኝን የደጋ ጽጌረዳስ ምን ገደላት?»

«እሷማ የአገሯ ናፍቆት ነው።»

ሳቅን። እትዬ ሐሚዳ ግን ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«አሁን ብትመጣስ?» አሉ። «ከወሩ ሁሉ በዚህ ወር ብትመጣስ?»

ደሞዝ ማጭዱን አወጣ። ነጭና ጠንካራ ሥጋ እስኪያገኝ ድረስ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ እየቆረጠ ሄደ፤ የተረፈው አበቦቹን የተሸከመ አንድ ቅርንጫፍ ነው። ቁስሉ ሳይደርቅ አሸዋ ውስጥ ከተተከለ ዳግም እንደሚበሰብስ አንድ ጓደኛዬ ነግሮኝ ስለነበር ይህን ተናገርኩ። «እንደ ሰሊጥ ነዶ ቆሞ ይድረቅ በለኛ!» አለ ደሞዝ፤ ከሱቁ ግድግዳ ጥላ ሥር አስደግፎ አቆመው።

በማግስቱ ከሰዓት ተመልሼ ሄድኩ። ደሞዝም እዚያው ነበር። ደንበኛ ስላልነበረ ቶሎ ብዬ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ እናቴ ደጃፍ ላይ…»

ስልካቸው ጮኸ። አነሡት፤ አዳመጡ። ከዚያ መከናነቢያ ቶባቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉ።

«ልጄ ገላባት ነች! ከድልድዩ ማዶ ነች! ዑበይዳ! ዑበይዳ!»

የባጃጅ ሹፌሩ ዑበይዳ ከመንገዱ ማዶ አዙሮ መጣ። እትዬ ሐሚዳ ለመግባት እግራቸውን ካነሡ በኋላ ተመለሱ። ሱቁን ሊዘጉ መስሎኝ ነበር፤ ከግድግዳው ሥር ቅርንጫፉን አነሡ።

«ኧረ እትዬ፣ ቁስሉ አልደረቀም!» አለ ደሞዝ።

«የእሷስ ደርቋል?» አሉና ገቡ።

ባጃጁ ተንደረደረ። እትዬ ሐሚዳ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ኢብሪቁን ከዚያ አንሡልኝ! ጉቶው ላይ ማንም እንዳይታጠብ!» ብለው ጮኹ። በአንዱ ጎን የቶባቸው ጫፍ፣ በሌላው ጎን የቅርንጫፉ ሮዝ አበባ ይርገበገብ ነበር።

«እትዬ፣ ቢጫው አበባ…» አልኩ። ባጃጁ ወደ ኬላው ታጥፎ ነበር።