የተፋቀ ክኒን

ሰፈሩ ሁሉ «ቀቢዋ» ነው የሚላት። ግድግዳ ቀቢ እንዳትመስላችሁ፤ የምትቀባው ክኒን ነው። የቪታሚንና የብረት ክኒን ከሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥራ፣ ነጩን ክኒን በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ቀይ ልብስ ስታለብስ ትውላለች። በርሜሉ ሲቆም እሷ ወሬ ትጀምራለች፤ እሷን የሚያቆም ቁልፍ ግን እስካሁን አልተሠራም።

አንድ ቀን ስልኳ ላይ አንድ ለፍላፊ ሰውዬ «የክኒን ቀለም መርዝ ነው! የሽፋኑ ማለስለሻ መርዝ ነው!» እያለ ሲጮህ ሰማች። እንግዲህ ቀለሙን በየቀኑ እየለካች የምትጨምር ሴት ስቃ ማለፍ ነበረባት። ግን ማን ሊስቅ! ልጇ ነፍሰ ጡር ናት፤ ደም አንሷት የብረት ክኒን ታዞላታል። የፈራች እናት ደግሞ ጆሮ እንጂ ጭንቅላት የላትም።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ቁጭ ብላ የልጇን ክኒን በቢላዋ መፋቅ ሆነ ሥራዋ። ጠዋት ቤቷ ትፍቃለች፣ ቀን ፋብሪካ ትቀባለች፤ ጉድ እኮ ነው!

«እማዬ፣ ይሄ ነገር በጣም ይመራል» ትላታለች ልጅቷ።

«ከረሜላ መሰለሽ እንዴ? ዋጪ!»

የክትትሉ ቀን ደርሶ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ ውጤቱን አየችና «ደምሽ ከነበረበት ፈቅ አላለም። ክኒኑን እየወሰድሽ ነው?» አለቻት።

ቀቢዋ ቀደመች። «በእጄ ነው የማጎርሳት! ያውም ቀለሙን ፍቄ!»

«ፍቀው?» አለች ነርሷ።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «እማዬ፣ ፊትሽን ስታዞሪ እተፋው ነበር። ዝገት ዝገት ይላል። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

ነርሷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ሽፋኑ ምሬቱን እንዲደብቅ የሚደረግ፣ ቀለሙም እንዳይጎዳ በጥቂቱ ተለክቶ የሚጨመር መሆኑን፣ ለማይስማማው ሰው ክኒኑ ይቀየርለታል እንጂ በቢላዋ እንደማይፋቅ ረጋ ብላ አስረዳች። ለማን? ለቀቢዋ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ቤት እንደገቡ አንድ ቀይ ክኒን ከነልብሱ ከውሃ ጋር ሰጠቻት። ልጅቷ ዋጠችና፣ እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ምላሷን አንስታ አሳየቻት። እናትየው ጎንበስ ብላ አየች፤ ምንም የለም። ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት፣ ያን ጊዜ ልጇን አቅፋ አለቀሰች።