ከድንጋዬ ኋላ የቆሙ እንስራዎች

በጠላት ጊዜ፣ እዚሁ ጉለሌ፣ ከሹሙም ከደብሩም ሳልወግን ብቻዬን ለምርጫ የቀረብኩት ሴት እኔ ነኝ። አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። ለትልቅ ወንበር አልነበረም፤ ለምንጭ ዳኝነት ነው። ዳሩ ግን ያን ጊዜ ቀጨኔ ውስጥ ከዚያ ምንጭ የሚበልጥ ወንበር አልነበረም።

እኔና እናቴ ሸክላ ሠሪዎች ነን። ሰፈሩ ውሃ የሚቀዳበት እንስራ፣ ወጥ የሚሠራበት ድስት ሁሉ ከእኛና ከመሰሎቻችን እጅ የወጣ ነው። ምንጩ ጋ ስንደርስ ግን «ቡዳ ናቸው፣ ውሃውን ያበላሹታል» ተብለን የምንቀዳው መጨረሻ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ብንመጣም መጨረሻ! ሰው ሁሉ ቀድቶ ውሃው ጭቃ ጭቃ ሲል ነው የእኛ ተራ የሚደርሰው። እስቲ አሁን ይሄ ፍርድ ነው? በሠራነው እንስራ እየጠጡ የሠራውን እጅ ይጸየፉታል! እናቴማ ለምዳዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ከዚያ ምንጭ የጠራ ውሃ ቀድታ አታውቅም።

የምንጩ ዳኛ፣ ወረፋ የሚያስከብሩት ሽማግሌ፣ ሲሞቱ ጉድ ፈላ። በጋ ስለነበር ውሃው ቀጥኗል፤ ሴቶቹ ተያያዙ፣ እንስራ ተሰበረ። ጣሊያኖቹ ወታደር ልከው «ሁለተኛ ጩኸት ከሰማን ምንጩን አጥረን ለካምፑ እንወስደዋለን» አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ደነገጠ። ጣሊያን የሾመው የሰፈራችን ሹም «እህቴ ዳኛ ትሁን» አለ። የደብሩ ሰዎች ደግሞ «የለም፣ የቄሱ ሚስት ትሁን» አሉ። በመጨረሻ ሁሉም የሚያከብሯቸው አንድ አዛውንት ሸማኔ «እንግዲያው ሰፈሩ ይምረጥ» ብለው ገላገሉ።

«እኔም እገባለሁ» አልኩ።

ሹሙ ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ? ማን አለሽና?»

«ማንም የለኝም፣ ጌታዬ» አልኩት። «ጌታዬ» ያልኩት ለአፌ ነው እንጂ ደሜስ ፈልቶ ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ጠበቀችኝ። «ምን ነክቶሽ ነው ልጄ? ያችን ድፍርስ ውሃ እንኳ ልታሳጪን ነው?»

«እማዬ፣ ዝም ስንል መቼ ጨመሩልን?» አልኳት። ወደ ጭቃዋ ተመለሰች፤ እኔም ቅር እያለኝ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ድስት ልሸጥ እያልኩ ቤት ለቤት ዞርኩ። «ሹሙ ወገኔ አይደለም፣ ደብሩም ወገኔ አይደለም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቅዳ፣ የሹም ቤትም ቢሆን፣ የሸክላ ሠሪም ቢሆን» እላለሁ። አንዳንዷ በሩን ዘጋችብኝ። አንዳንዷ ሳቀችብኝ። አንዷ ደግሞ የሹሙ እህት ሁልጊዜ ቀድማ እየቀዳች እሷን ስታስቆማት እንደምትውል ነገረችኝና ማንም እንዳይሰማን ዞር ዞር ብላ አየች።

ምርጫው ታዲያ እንዴት ይሁን? ሦስት አራት ሆኖ ቆሞ ማውራት እንኳ ያስይዛል። እንስራ ቢሰለፍ ግን ማን ይጠረጥራል? ሁልጊዜም እንስራችንን ወረፋ አስይዘን ወደ ቤታችን እንሄድ የለ! አዛውንቱ ምንጩ አጠገብ ሦስት ድንጋይ ለየብቻ አኖሩ፤ አንዱ ለሹሙ እህት፣ አንዱ ለቄሱ ሚስት፣ አንዱ ለእኔ። ቅዳሜ ጠዋት ከየቤቱ አንዳንድ ሴት በየተራ እየመጣች፣ ከፈለገችው ድንጋይ ኋላ አንድ እንስራ አቁማ ትመለሳለች። አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ተቀመጡ። እንስራ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ማን ማንን እንደመረጠ አይታወቅም ተባለ።

አይ የዋሆች! ለእኔም አንድ ዓይነት መስሏቸው ነበር።

ረፋዱ ላይ ልንቆጥር ስንወርድ ገና አንድ ጊዜ ሳያቸው ሁሉንም አወቅኳቸው። ይሄ አንገቱ አጠር ያለው የእገሊት ነው፣ ያ ጆሮው የጠመመው የእገሊት ነው፣ ያኛው እናቴ ታማ እያለች የሠራችው ነው። የቄሱ ሚስት እንስራ ደግሞ የት ቢቆም ጥሩ ነው? ከእኔ ድንጋይ ኋላ! ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ተቆጠረ። ለቄሱ ሚስት አምስት፣ ለሹሙ እህት አሥራ ስምንት፣ ለእኔ ሃያ አንድ። እሰይ ልል አፌን ስከፍት ሹሙ ብድግ አለ።

«ሌባ!» አለ። «ሸክላ ሠሪ አይደለች? ያልተሸጠ እንስራዋን አምጥታ ደርድራው ነው! ካልሆነ የእያንዳንዱን ባለቤት ትናገር።»

አዛውንቱ ወደ እኔ ዞሩ። «ታውቂያቸዋለሽ ልጄ?»

ማወቁንስ አውቃቸዋለሁ። ሃያ አንዱንም አንድ በአንድ መጥራት እችል ነበር፤ ስጠራ ግን ሹሙ ይሰማል። በማግስቱ የማን ባል እንደሚታሰር፣ የማን ቤት እንደሚበረበር ማን ያውቃል? ዝም ካልኩ ደግሞ ሌባ ሆኜ፣ እናቴን ያችን ድፍርስ ውሃ እንኳ አሳጥቼ ልቀር ነው።

«አላውቃቸውም» አልኩ።

ሹሙ አጨበጨበ። «አላልኳችሁም?»

እንስራቸውን ሊወስዱ የመጡት ሴቶች ዳገቱ ላይ ቆመው ያዩናል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይሄኔ የቄሱ ሚስት ነጠላዋን አጣፍታ ቀስ እያለች ወረደች። ስታገኘኝ ቀና ብላ አይታኝ የማታውቅ ሴት ናት። በሹሙ ፊት አልፋ ከእኔ ድንጋይ ኋላ ካሉት አንዱን አነሳች።

«ይሄ የኔ ነው» አለች። «ዳኛ ሁኚ ያሉኝ የደብሩ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ወገቤን ያመኛል፣ ከሰውም መጣላት አልችልም። ይቺ ግን ትችላለች።»

ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላዋ ወረደች፣ «ይሄ የኔ» አለች። ያቺ በሩን የዘጋችብኝም ወረደች! አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር... ሹሙ እያንዳንዷን እያፈጠጠ ቢያይም አንዷም ወይ ፍንክች። ሃያ አንዱም ከነባለቤቱ አቀበቱን ወጣ። ከድንጋዬ ኋላ አንድም እንስራ አልቀረም። እኔ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ኩራት እንደሚያስለቅስ ያን ቀን አወቅኩ።

ሰኞ ማለዳ ዳኛ ሆኜ ምንጩ ጋ ቆምኩ። እናቴ ከመጡት አራተኛ ነበረች፤ የሹሙ እህት ከኋላዋ። ተራዋ ሲደርስ እናቴ እንደ ልማዷ እንስራዋን ይዛ ወደ መጨረሻው መሄድ ጀመረች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው? ተራሽ ነው» አልኳት።

የሹሙ እህት ከንፈሯን ነከሰች። እናቴ ጎንበስ አለች። ውሃው ከታች ያለው ጠጠር እስኪታይ የጠራ ነበር። በእጇ ዘግና ጠጣች፤ ደግማም ጠጣች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጄ» አለችኝ፣ «እስከዛሬ እንዲህ ያለ ነበር እንዴ የሚጠጡት?»