ጥቁሩ የቀረው እሬት

ማጉሜዴ ልጇን ከቀበረች ወዲህ መሮ አልጨበጠችም። ሐዘኑ የሚያበቃበት የመንጻት ቀን እስኪደርስ ሐዘንተኛ ዶማ አያነሣም፤ የሟችንም ዕቃ አይነካም። ስለ ዶማው የተከራከረ የለም። በመሮው ግን ከባሏ እህት ከፊኪሌ ጋር ተነታርካለች።

"ማንኪያ የምታህል ነገር ናት፤ ሊኖሊየም ከመፋቅ ሌላ ምንም አታውቅም" አለች ማጉሜዴ።

"ትቆርጣለች?"

"ትቆርጣለች።"

"እንግዲያው ዶማ ናት። የአንቺ ምላስም ይቆርጣል፤ እሱን መከልከል ግን አባቶቻችን ረስተውታል።"

ማጉሜዴ በሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ጥቁር ነጠላ ጨርቋን ትከሻዋ ላይ አጠበቀች። አንድ ቀን ፊኪሌ ከገበያ ወሬ ይዛ መጣች፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ የዚቡዪሌን የእሬት ሥዕል ሌላ ሰው እየጨረሰው ነው።

ዚቡዪሌ የሞተችው ልጇ ናት። በክረምት ገደሉን እሳት የሚያስመስለውን የእሬት አበባ ትቀርጽ ነበር። አሠራሯ መመለሻ የለውም። ያንኑ አንድ ሊኖሊየም፣ ለስላሳውን የወለል ንጣፍ፣ መጀመሪያ ትፍቅና ቢጫውን በወረቀቶቹ ሁሉ ላይ ታትማለች፤ እንደገና ትፍቅና በቢጫው ላይ ቀዩን፤ በመጨረሻም ከተረፈው ላይ ፍቃ ጥቁሩን። የተፋቀ አይመለስም። በዚህ እሬት ላይ ቢጫውና ቀዩ አልቀው ወረቀቶቹ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለው ሳለ ጥቁር ቀለም ጠፋ። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ምሶሚ "አዝዣለሁ፣ ይመጣል" ሲል ከረመ። አላዘዘም ነበር። ልጅቱ ራሷ ቀለም ልትገዛ ታክሲ ተሳፈረች፤ ታክሲው ድልድዩ ላይ ተገለበጠ።

ማጉሜዴ ቁልቁለቱን ወርዳ ማተሚያ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ሐዘንተኛ ሰው ሥራ ቤት አይገባም። ከውስጥ የቀለም ሽታ መጣ፤ የጥቁር ቀለም።

"ምሶሚ" ብላ ተጣራች። "ቀለም ተገኘ አሉ።"

ምሶሚ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጥቶ ቁጢጥ ብሎ ፊቷ ተቀመጠ፤ ቆሞ ቁልቁል እንዳያያት ነው።

"ማማ፣ እርስዎ ጋ ልመጣ ነበር።"

"አንተ መቼም ልታደርግ ነበር እንጂ አድርገህ አታውቅም። ልታዝዝም ነበር።"

አንገቱን ደፋ። "ኤግዚቢሽኑ ደርሷል። እንደዚያው ተንጠልጥሎ ከሚቀር ብዬ ነው። የቀረው ጥቁሩ ብቻ ነው እኮ።"

"ጥቁሩ ብቻ? ያለ ጥቁሩ አበባ መሰለህ? የፈሰሰ ወጥ ነው።"

"በእርሳስ ነድፋዋለች፣ ማማ። የሚፋቀውም የሚተወውም ይታያል።"

"የኔ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ እርሳሷን ታዝዛ አታውቅም። እኔንም አልታዘዘችኝም፣ እንኳን እርሳስ። አምጡት፣ ልየው።"

ሊኖሊየሙን ይዛ የወጣችው ኖክዋዚ ናት፤ ከዚቡዪሌ ጎን ጠረጴዛ የነበራት፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት። ማጉሜዴ እጇን አልዘረጋችም። ኖክዋዚ ተንበርክካ ዓይኗ ሥር አቀረበችላት።

ማጉሜዴ አየች።

መሮ ከሥዕሉ ዙሪያ ያለውን ባዶ ቦታ፣ ቀራጮች መሬት የሚሉትን፣ ሲፍቅ ከኋላው ቀጫጭን ጠርዝ ይተዋል። ቀለም ሲነካው ያ ጠርዝ ጭረት ሆኖ ይታተማል። ሌላው ቀራጭ እንደ እድፍ ያየዋል፤ ዚቡዪሌ ግን ሆን ብላ ትተወው፣ አቅጣጫም ታስይዘው ነበር። "ነፋሱ ነው" ትል ነበር። በዚህ እሬት ዙሪያም ጭረቶቹ ከቀኝ ተነሥተው ወደ አበባው ያዘነብላሉ። በግራ በኩል ግን አንድም የለም። ተፍቋል፤ እንደ ተጠረገ ግቢ ለስልሷል።

"ይህን ማን አደረገው?"

"እኔ ነኝ፣ ማ" አለች ኖክዋዚ። "ሳትጨርሰው የሄደች መስሎኝ አጸዳሁላት።"

"አጸዳሁላት! ልጄ ቆሻሻ ነበረች? እግዜር የሰጠሽን እጅ ለመጥረጊያ ካደረግሽው ለምን ገበያውን አትጠርጊም?"

ኖክዋዚ ሊኖሊየሙን ደፉ ላይ አስቀመጠች። እሷም ተቆጥታ ነበር።

"እርስዎ አይደሉም ያስተማሩን? 'መሬታችሁን ጥረጉ' እያሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ጣቴን በመሮ እጀታ የመቱኝ እርስዎ አይደሉም? እሷንም ሲመቷት አይቻለሁ። እሷ እምቢ አለች። እኔ ሰማሁዎት።"

ምሶሚ "ኖክዋዚ" አላት በቀስታ።

"ተዋት" አለች ማጉሜዴ።

ቁጣዋ አልበረደም፤ የሚወርድበት ሰው ነው የጠፋው። ምሶሚ ላይ እንዳታወርደው ቀድማ ጨርሳበታለች፤ ኖክዋዚ እውነቷን ነው፤ ሙት ደግሞ አይቆጡትም። ነጠላ ጨርቋ ሥር እጆቿን እርስ በርስ ጨበጠች። ያን መሮ ነጥቃ የቀረውን በራሷ እጅ ብትጨርሰው በወደደች። እጇ ግን ታስሯል። ምላሷ እንዳልታሰረ ግን ፊኪሌ ነግራታለች።

"መሮሽን አምጪ" አለቻት ለኖክዋዚ። "እዚህ ደፉ ላይ ተቀመጪ። እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ትፍቂያለሽ። 'ተይው' ካልኩሽ እጅሽን ታነሻለሽ።"

ፀሐዩ ሊኖሊየሙን አለሰለሰው። ማጉሜዴ አንገቷን አስግጋ፣ ትንፋሿ ኖክዋዚ ጆሮ ላይ እየመታ፣ ትናገር ጀመር።

"ከግንዱ ሥር፣ በስሱ። ተይው። እሾሁን አትንኪ። ተይው አልኩ! ጠርዙ ይቅር። ይቅር፣ ቆሽሾ ይቅር። ንጹሕ አትሁኚብኝ።"

"ይህ ግን ያበላሸዋል፣ ማ።"

"ያበላሸው። እሷ እንደዚያ ነው የምታደርገው።"

ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረና ወዲያው በሌላ ስድብ ጠገነችው።

ሲያበቁ ኖክዋዚ ጥቁሩን በሩሎ ቀባች። ምሶሚ አንዱን ወረቀት አውርዶ አስተካክሎ ጣለበትና የማተሚያውን መዘውር አዞረ። ከዚያ ወረቀቱን ደፉ ድረስ አምጥቶ በሁለት እጁ ዘርግቶ ያዘላት።

እሬቱ ቆሟል። ኅትመት ግራና ቀኝን ስለሚገለብጥ ነፋሱ አሁን ከግራ ይመጣል፤ ሣሩም ሰማዩም ወደ አበባው ያጎነብሳሉ። አበባው ጋ ሲደርስ ነፋሱ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ቀኙ ሁሉ ጸጥ ያለ፣ የተጠረገ፣ ማጉሜዴ ስታስተምር የኖረችው ዓይነት ሰማይ ነው።

"ያምራል" አለ ምሶሚ።

"አፍህን ያዝ።"

እርሳስ አውጥቶ ነበር። "ስሟን ከሥሩ ልጻፍላት?"

"አትጽፍም። ግማሹን ሰማይ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ በሷ ስም አይሸጥም። ሥሩ ባዶ ይሁን። የመንጻቴ ቀን ሲደርስ መሮዬን ይዤ መጥቼ ሊኖሊየሙን ከዳር እስከ ዳር እሰነጥቀዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያጸዳላት አይኖርም።"

ተነሣች። ኖክዋዚ ክንዷን ያዘቻት፤ አልከለከለቻትም።

"የቀሩትን ላትም፣ ማ?"

"አትሚ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ።" ከዚያም ወደ ምሶሚ ሳትዞር፣ "እሱም ሄዶ ጥቁር ቀለም ይዘዝ። አሁኑኑ፣ እኔ እያየሁት።"

ምሶሚ ወደ ስልኩ እስኪገባ ድረስ ደፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው።