ሃያ ደቂቃውን የጨረስነው ሁለት ሰዎች

እያጨበጨብኩ ዞር ስል ሜዳው ላይ የቀረነው እኔና አንድ ጋቢ የለበሱ መሪጌታ ብቻ ነን።

ዛሬ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ የፕሮግረሲቭ ሮክ ፌስቲቫል ነበር። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ይህን ረጅምና ምቱ የሚለዋወጥ የሮክ ሙዚቃ ለዓመታት በጆሮ ማዳመጫ ብቻዬን ስሰማ ለኖርኩት ለእኔ፣ በዓል ነው።

የመጀመሪያው ባንድ ከበሮው ጥሩ ነው፤ ዘፋኙን ግን ብርዱ አሸነፈው።

ሁለተኞቹ ጎበዞች ናቸው፤ ምቱን በየመሃሉ ሲቀያይሩት ግን ሕዝቡ ማጨብጨቡ ጠፋበት። አንዱማ እንደ አዝማሪ ቤት "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ሊሰጥ መድረኩ ሥር ሄደ። ጊታሪስቱ ፈገግ ብሎ መጫወቱን ቀጠለ።

ሦስተኞቹ አንዱን ሙዚቃ ሃያ ደቂቃ ተጫወቱት። የዛሬው አንደኛዬ እነሱ ናቸው። ጓደኞቼ ግን መሃል ላይ "ይሄ ነገር አያልቅም እንዴ?" ብለው ሻይ ቤት ገቡ።

"እንዴት አዩት?" አልኳቸው መሪጌታን።

"እንደ እኛ የማኅሌት ዝማሜ በዝግታ ጀመሩ። ከዚያ እንደ መረግድ እያፈጠኑ መጡ። ጽፋቱ ላይ ደርሶ ጭብጨባው ሊደምቅ ሲል አቋረጡት። ምነው ልጄ፣ ምን አስቸኮላቸው?"

እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው! መጨረሻውን ቆርጠውታል!

ገና ሌላ ልጠይቃቸው ስል ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ለካ የቆዩት መኪና እየጠበቁ ኖሯል። ስልካቸውን ብጠይቅ "የለኝም ልጄ" ብለውኝ ገቡ።

ሻይ ቤት ስገባ "እንዴት ነበር?" ያለኝ የለም።

እናንተስ፣ የምትወዱት ነገር የሚገባው ሰው አግኝታችሁ እዚያው ያጣችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ። ቢረዝምም ግድ የለም፤ ሃያ ደቂቃ መስማት እችላለሁ።