ባሩድ ላይ የተመረቀ

ባሌ ጋራዥ ውስጥ የጠመንጃ ጥይት በእጁ ይሠራል። ሬኒየር ቢች በሚባል የፈረንጅ አገር የከተማ ሰፈር ለምንኖር ሐበሾች ይህ ጤና አይመስልም፤ እኔም መጀመሪያ ለይቶለታል ብዬ ነበር። የአጋዘን አደን ከሥራ ባልደረባው ተማረ፣ ጥይት መሙላቱ ተከተለ። አንድ ሕግ ግን ነበረው፤ ባሩድ ሲመዘን ማንም አያወራም።

አባቴ ኦቴሎ የሚባለው ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ቅመማ ቅመም ይሸጣል። ሚዛን ያለበት ቦታ ሁሉ የእሱ ቤት ይመስለዋል። ሶ፣ ባሌ ከበድ ያሉ አዳዲስ የጥይት እርሳሶች ገዝቶ የመጣ ቀን፣ አባቴ ወንበር ስቦ ልርዳህ አለው። የሚስትን አባት ማን እምቢ ይላል?

«አባባ፣ እርሳሱ ሲቀየር ባሩዱ እንደ ድሮው አይሆንም» አለው ባሌ። «መጽሐፉ ላይ ካለው ዝቅተኛ ልክ ነው የምንጀምረው። ከዚያ እየተኮስን፣ እያየን፣ ቀስ በቀስ።»

«እርሳሱ ከበደ እያልከኝ ቀለቡን ትቀንስበታለህ?»

«ሲከብድ ግፊቱ ይጨምራላ። ባሩዱ ከበዛ ጠመንጃው ፊቴ ላይ ይፈነዳል።»

«ኦኬ» አለ አባቴ። ያላመነበትን ነገር ሁሉ በዚህች ኦኬ ነው የሚያልፈው።

አባቴ እየመዘነ ቀለሃው ውስጥ ይጨምራል፣ ባሌ አቀርቅሮ እርሳሱን ይገጥምበታል። የመጀመሪያው ጥይት ተሠርቶ ሲያልቅ ባሌ የራሱን ሕግ ጥሶ «እጅዎ እንዴት ጎበዝ ነው!» አለው። አባቴ ፊቱ በራ። እኔም ሁለቱ እንዲህ ተስማምተው በማየቴ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ ባሌ ወደ ተኩስ ሜዳ ሄደ፤ እኔ አባቴን ሱቅ ላግዝ ሄድኩ። አንዲት ሴትዮ በርበሬ አስመዘነች። ሚዛኑ ልኩ ላይ ሲቆም አባቴ እንደ ልማዱ በጣቶቹ ቆንጥሮ መረቀላት። ይህን ሳይ ነው ያደግኩት፤ የማይመርቅ ነጋዴ ለእሱ ሌባ ነው። ያን ቀን ግን ክው አልኩ።

«አባባ፣ ባሩዱንም መርቀሃል?»

እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገ። «ትንሽ ነገር ናት። ለገዛ አማቼ ልሰስት?»

ባሌን ኮል አደረግኩ። አያነሳም። ሲተኩስ ጆሮውን እንደሚሸፍን አውቃለሁ። ደገምኩ። ሴትዮዋ በርበሬዋን ይዛ ታየኛለች፣ አባቴ «ምን ሆነሻል?» ይለኛል። እኔ የሚታየኝ የባሌ ፊት ብቻ ነበር። በዚያች ሰዓት አባቴን ጠላሁት፣ እውነቴን ነው።

በመጨረሻ ራሱ ደወለ። «አንድ ተኮስኩ፣ የጠመንጃው መቀርቀሪያ አልከፈት አለኝ፤ ግፊቱ የበዛ ይመስላል። ደስ ስላላለኝ ተውኩት። እየመጣሁ ነው» አለኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ የቀሩትን ጥይቶች አንድ በአንድ ፈታቸው። አባቴን አጠገቡ አስቀምጦ ባሩዱን ሚዛኑ ላይ ይገለብጣል። ሁሉም ከልክ በላይ ነበሩ፤ አንዱም ከሌላው አይገጥምም። ባሌ ጥይት በተሠራበት ተራ ደርድሮ፣ በተራው ነው የሚተኩሰው። ቀጥሎ የሚተኮሰው፣ ሁለተኛው፣ ከሁሉም በጣም ይበልጥ ነበር።

«ይህቺን ምን ብለው ነው እንዲህ ያበዟት?» አለው ባሌ ቀስ ብሎ።

አባቴ ወደ ሚዛኑ ጎንበስ አለ።

«ያኔ አይደል እጅዎ ጎበዝ ነው ያልከኝ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ ውስጥ አባቴ ልኩ ላይ ያቆማል፤ ለደንበኛ የምመርቀው እኔ ነኝ።