ከእንስራው በፊት

ልጅ ሳለሁ በዚህ ዓለም ላይ የራሴ የምለው አንድ ቦታ ብቻ ነበረኝ፤ እሱም የአያቴ ቀኝ ጎን ነው። ቤታችን ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት ነበር፤ ከብቶቹ ከታች፣ እኛ ከላይ። ራት ተበልቶ ምድጃው ውስጥ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ ኩራዙም ጥቀርሻውን ወደ ጣሪያው መላክ ሲጀምር፣ የእናቴ አባት አባባ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይቀመጡና ከጎናቸው ያለውን አጎዛ በቀኝ እጃቸው መታ መታ ያደርጉታል። ያ ጥሪ ለእኔ ነበር። ሌላ ሰው እዚያ አጎዛ ላይ ሲቀመጥ ካየሁ፣ ድመትም ብትሆን፣ አልወድም ነበር።

አባባ በጃንሆይ ዘመን ነገረ ፈጅ ነበሩ። መሬቱን የተነጠቀ፣ በሬው በሰው እጅ የተገኘበት፣ አንደበቱ አልታዘዝ ያለው ሁሉ እሳቸውን ይዞ ዳኛ ፊት ይቆም ነበር አሉ። ደርግ መጥቶ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ግን ክርክሩ ሁሉ ወደ ፍርድ ሸንጎ ሄደ፤ የሸንጎው ሰብሳቢ ደግሞ «በአጭሩ ተናገር» የሚል ሰው ነበር። በአጭሩ መናገር የማያውቁት አባባ ከዘራቸውን ይዘው ቤት ዋሉ።

ሥራ የፈታ አንደበት ዝም ብሎ አይቀመጥምና ችሎቱን ወደ ምድጃው ዳር አመጡት። የሌሎች ልጆች አያት ተረት ሲናገር ነብሩ ፍየሏን ይበላና ነገሩ ያበቃል። አባባ ግን እያንዳንዱን ተረት ሁለት ጊዜ ነበር የሚናገሩት፤ አንዴ ከፍየሏ ወገን፣ አንዴ ከነብሩ ወገን። ከፍ ስል አንደኛውን ወገን ለእኔ ተዉልኝ። የፍየሏ አፍ ከሆንኩ «እኔ» እያልኩ እንደ ፍየሏ ነው የምናገረው። ዱሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ይሄዱ ስለነበር፣ አባባም ክርክሩ ሲጀመር የጋቢያቸውን ጫፍ ከእኔ ኩታ ጫፍ ጋር ይቋጥሩታል። «ይኸው ቁራኛዬ ነሽ» ይሉኛል። ፍርዱ ሲያልቅ ቋጠሮውን የሚፈቱት ራሳቸው ናቸው። ያኔ ነገሥታት ቢጠሩኝ ያንን ቋጠሮ ትቼ የምሄድ አይመስለኝም ነበር።

ሕጋቸው ሁለት ነው። መዋሸት ክልክል ነው። «ውሸት ነገረ ፈጅን ያዋርዳል፤ መጀመሪያውን ግን አንቺ ትመርጫለሽ» ይሉኝ ነበር። ሁለተኛው፣ ተናግሬ ስጨርስ «ከዚያ በፊትስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለዚህ መልስ የሌለው ይረታል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለውን አባባል ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥሩ የት እንደሆነ ግን እንደ ተናጋሪው ይለያያል።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ የሺ መጣች። ብልባላ የነበረችው አክስቴ ሞታ፣ አባትየውም ሌላ ሚስት ሊያገባ ነውና እናቴ የእህቷን ልጅ ይዛት መጣች። በእድሜ እኩያዬ ናት። የመጣች ዕለት አባባ አጎዛውን መታ መታ አደረጉ፤ እኔ ስነሳ «አንቺ ነይ እዚህ» ብለው ግራ ጎናቸውን አሳዩኝ። ቀኙ ላይ የሺ ተቀመጠች። እናት የሞተባት ልጅ ናት፤ ማን ምን ይላል? እኔም ወደ ግራው ዞሬ ተቀመጥኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ይሁን በሦስተኛው፣ አባባ የጭላዳ ዝንጀሮዋንና የገበሬውን ሙግት አመጡ። ገበሬው ጭላዳዋን ገብሴን ጨረሰችብኝ ብሎ ከሷታል። የገበሬው አፍ እኔ ሆንኩ፣ የጭላዳዋ የሺ፤ የተቋጠረውም የእኔና የእሷ ኩታ ነበር። አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቁራኛው ወጥተው ዳኛ ብቻ ሆኑ። እኔ ስለ እርሻው፣ ስለ አረሙ፣ ውርጩን ፈርቶ ስላደረው ገበሬ ጥሩ አድርጌ ተናገርኩ፤ አባቴም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የሺ ፍሙን እያየች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ጀመረች።

«አያቴ እዚህ ሣር ይግጥ ነበር» አለች። «አንድ ቀን ጠዋት ብንነሳ ሣሩ የለም፤ አፈሩ ተገልብጧል። ልጄን አዝዬ ገደል ገባሁ። ክረምቱ አልፎ ብመለስ ሣራችን ረዝሞ ዛላ አውጥቶ አገኘሁት። የተመለሰልኝ መስሎኝ በላሁ።»

እናቴ ዐይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። በዚያው ሳምንት ጭላዳ ማሳውን ያወደመበት አባቴ እንኳ «እውነቷን እኮ ነው» አለ። አባባ «ከዚያ በፊትስ?» ብለው አልጠየቋትም፤ ከዚያ በፊት የሚባል ነገር አላስቀረችማ። ዱሮ ለእኔ ብቻ ይሉት የነበረውን ቃል ለእሷ ሲናገሩ ሰማሁ፤ «ይህቺ ልጅ የእኔ አፍ ናት» አሉ።

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ወተት ስጠጣ ቀናሁ፣ ጸሎት ሳደርስ ቀናሁ። አባባ በቀን ስንት ጊዜ ስሟን እንደሚጠሩ እቆጥር ነበር። እሷ ብትኮራብኝ ደስ ባለኝ፤ ጠብ ይሆንና እገላገላለሁ። እሷ ግን ምድጃው ዳር እንቅልፍ ሲጥለኝ ተነስታ የምታለብሰኝ ልጅ ነበረች። በማግስቱ ያንን ሳስብ ይበልጥ ይነደኛል።

ሁለታችንም በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ፊደል ቆጥረን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ላሊበላ ከተማ ያለችው የአባቴ እህት አንዲት ልጅ ቤቷ አስጠግታ ትምህርት ቤት ልታስገባ ቃል ገባች። አንዲት ብቻ። አባቴ «የትኛዋ እንደምትሄድ እርስዎ ይበሉ» ብሎ ነገሩን ለአባባ ሰጠ፤ እሳቸውም «እሑድ እነግራችኋለሁ» አሉ። መልሱን ግን ሁላችንም የምናውቀው መሰለን። ጎረቤቱ ሳይቀር የሺን «ተማሪዋ» ማለት ጀምሮ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥጃዋ እናቷን እንዳትጠባ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። አላሰርኳትም፤ ከሰፈሩ በላይ ካለው ቋጥኝ ጀርባ ሄጄ፣ ማታ በተረቱ የሺን የምረታበትን ንግግር ለድንጋዩ እለማመድ ነበር። እየተለማመድኩ ቁልቁል ሳይ የሺ እንስራ አዝላ ከምንጭ ስትመጣ አየኋት። ድንገት እንስራውን አውርዳ መንገዱ ዳር አስቀመጠችና ወደ ገደሉ ሮጠች። ጠራኋት፤ አልዞረችም። ቀና ብዬ ስመለከት ጥጃዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበረች። የሺ ዞራ መለሰቻት። በዚህ መሐል ከብልባላ ገበያ የሚመለሱ አህዮች ነጂዎቻቸውን ቀድመው መጡ፤ አንደኛው በጭነቱ እንስራውን ገፋው። ተንከባሎ ሲሰበር ድምፁ እኔ ያለሁበት ድረስ ደረሰ። እንስራው የሟቿ አያቴ የእማማ ነበር፤ አባባ ከእሱ የተቀዳ ውሃ ካልሆነ አይጠጡም። የሺ ስብርባሪውን ትታ ጥጃዋን አስገባቻት፤ አሰረቻትም። የጥጃዋን ነገር ከእኔና ከእሷ በቀር ያየ ሰው አልነበረም።

እንስራው ሲሰበር ማየቴን ቤት ስገባ ተናግሬ ነበር፤ ማታ አባባ ኩታችንን ቋጠሩ። «ዛሬ ተረት የለም» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ያየሽውን ተናገሪ።»

ያኔ የተናገርኩትን ዛሬም አንድ ቃል ሳላዛንፍ አስታውሰዋለሁ። «የሺ ከምንጭ ስትመጣ አየኋት። የእማማን እንስራ መንገድ ላይ አስቀምጣ ወደ ገደሉ ሮጠች። ስሟን ጠራሁ፤ አልዞረችም። አህዮች መጡ። ሲሰበር ሰማሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት እርስዎን ነው አባባ።» ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ እንደ እሷ ፍሙን እያየሁ ነበር የተናገርኩት። «እንስራውን» አላልኩም፣ «የእማማን እንስራ» አልኩ። አንድም ሐሰት አልነበረበትም። ከእንስራው ጀመርኩ እንጂ ከጥጃዋ አልጀመርኩም፤ ይኸው ነው።

አባባ «ከዚያ በፊትስ?» አሉኝ።

«ከዚያ በፊት ውሃ ልትቀዳ ወረደች» አልኳቸው። ይህም እውነት ነው።

ወደ የሺ ዞሩ። «መልስ አለሽ?»

ለጭላዳ የተከራከረችው ልጅ መጀመሪያ እናቴን አየቻት፣ ከዚያ እኔን። «የለኝም አባባ» አለች።

እናቴ «ልቧ የማይረጋ ልጅ እንዴት ሰው ቤት ይላካል?» ስትል ሰማሁ።  መልስ የሌለው ይረታል፤ የአባባ የራሳቸው ሕግ ነው። ተነስተው ወደ መኝታቸው ሄዱ፤ ቋጠሮውን ግን አልፈቱትም። ያንን ቋጠሮ ሳይፈቱ ሲሄዱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሁለታችን ተቋጥረን ቀረን። ጠብቆ ነበርና የሺ ጎንበስ ብላ በጥርሷ ፈታችው። ስትጨርስ ማንም እንዳይሰማ አድርጋ «ነገ ጥጃዋን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪያት» አለችኝ።

እሑድ አባባ እኔ እንድሄድ ፈረዱ፤ በመስከረም ላሊበላ ሄድኩ። ከዚያ ወልድያ፣ ከዚያ ደሴ፤ በመጨረሻም የአማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። የሺ ቤት ቀረች፤ ኋላም ብልባላ ተዳረች። አባባ እኔ ደሴ እያለሁ አረፉ። በሕይወት ሳሉ በዕረፍት ስመጣ ቀኝ ጎናቸው ክፍት ሆኖ እያየሁት አንድ ቀን እንኳ እዚያ አልተቀመጥኩም፤ አጎዛውንም መታ መታ አላደረጉልኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔ ወለምታ ደግሞ የት ላይ እንደሚታሽ እንኳ አይታወቅም፤ ቃሉ ሁሉ እውነት ነዋ። ተማሪዎቼን ምንባብ ሳስነብብ «ተናጋሪው ማን ነው? ከየት ጀመረ? ከዚያ በፊትስ?» እላቸዋለሁ። ጎበዝ አስተማሪ ናት ይሉኛል።

የሺን ቤቷ ድረስ ሄጄ ለማየት ዓመታት ፈጀብኝ። አንድ ክረምት፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ገበያተኛ ተከትዬ ብልባላ ወረድኩ። ስደርስ ጀንበር ጠልቃ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ የኩራዙ ብርሃን ይታያል፤ ላንኳኳ ስል ድምፅዋን ሰማሁ። ወንድ ልጇና ሴት ልጇ ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል፤ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሯል።

«አንዲት ልጅ ነበረች» ትላለች የሺ። «የአያቷ ጋቢ ከእሷ ኩታ ጋር ይቋጠር ነበር። አንድ ቀን እናቷ የሞተችባት ሌላ ልጅ መጣች። ሁሉም ለመጣችው አዘነ። አያትየው ቋጠሮውን ፈቱና ቀኝ ጎናቸውን ለመጣችው ሰጧት። ያቺን ቀድሞ የነበረችውን ‹አንቺስ ከፋሽ ወይ?› ያላት ሰው የለም። ትምህርት ቤቱንም ለመጣችው ሊሰጡባት ነበር። እንግዲህ እንስራው የተሰበረ ዕለት የጥጃዋን ነገር ብትደብቅ ይፈረድባታል?»

«ምስኪን» አለ ልጁ። «አይፈረድባትም» አለች ልጅቷ።

«መልስ የለኝም ያለችውስ?» አለ ልጁ።

«እሷማ በሰው ቤት ነበረች። እናትና ልጅ አጣልታ የት ትሄዳለች?»

በሩ ላይ ቆሜ አሁን ታለቅሻለሽ ብዬ ጠበቅሁ፤ የመጣብኝ ግን ያው የልጅነቴ ቅናት ነው። ያ ሁሉ ዓመት ተምሬ፣ አስተምሬ፣ ለራሴ ጥፋት እንዲህ ያለ ሥር ፈልጌ አላገኘሁለትም። እኔ ሁልጊዜ ከጥጃዋ ነበር የምጀምረው፤ እሷ ከቋጠሮው ጀመረች። የእኔን ሐዘን ከእኔ አስበልጣ ታውቀዋለች።

ቀና ብላ አየችኝ። «ዘነቡ? ግቢ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል?» አለችኝ፤ ከዚያ ለልጆቿ «ይኸው የሌላዪቱ አፍ መጣችላችሁ» አለቻቸው። ተነስታ ሳመችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ የነጠላዬን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። ልጆቹ ዳኛ ሆነው ፊታችን ተቀመጡ።

እንስራው የተሰበረ ማታ ያልሆንኩላትን አፍ አሁን ሆንኩላት። «ከምንጭ ስመጣ» አልኩ፣ «ጥጃዋ ተፈትታ ወደ ገደሉ ስትሄድ አየሁ። ጠባቂዋ ቋጥኝ ጀርባ ነበረች። እንስራው የእማማ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጥጃዋ ግን ነፍስ አላት…» እስከ መጨረሻው ሄድኩ፤ ‹ነገ ጥጃዋን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪያት› እስከሚለው ድረስ። 

ልጆቹ ተጠጋግተው ተማከሩ። ፍርዳቸውን ግን አልለወጡም። «አክስቴ» አለችኝ ልጅቷ በአክብሮት፣ «የእማዬ አነጋገር ይበልጣል።»

እኔ ተፈረደልኝ፤ እኔው ተረታሁ። የሺ እየሳቀች ቋጠሮውን ልትፈታ እጇን ሰደደች። እጇን ያዝኩትና ትንሽ ይቆይ አልኳት።