ከእኔ የምትበልጠው ቪታራ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ታደሰ ሰማያዊ ቱታ ሰጡኝ። እጅጌውን ደጋግሜ አጠፍኩት። ጋራዡ የእሳቸው ነው፤ ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። መካኒኩ ሳሚ ከመኪና ሥር ሆኖ «ኢንጂነር፣ ጫማሽ እንዳይቆሽሽ» አለኝ። የምህንድስና ዲግሪ እንዳለኝ ሰምቷል። ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ኩራት ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ለረጅም ጊዜ ምሳዬን የምበላው ብቻዬን ነበር።

የዚያን ዕለት የተሰጠኝ ሥራ የአንዲት ቪታራን የሞተር ዘይት መቀየር ነበር። አረንጓዴ፣ ባለ ሁለት በር፣ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ። ባለቤቷ እትዬ ብርሃኔ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ቤታቸው ከጋራዡ ጀርባ ስለሆነ ሄደው ሊያርፉ ይችሉ ነበር፤ ግን አጠገቤ ቆመው ያያሉ።

«ቡሎኑን አጥብቂው፤ ግን አትጨክኚበት» አሉኝ።

«እሺ፣ እትዬ።»

«ባለቤቴ ነበር እንዲህ የሚለው። እሱ ካረፈ ወዲህ እኔ ነኝ የምለው።»

አብዛኛው ደንበኛ ወደ እኛ የሚመጣው መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። እትዬ ብርሃኔ ዘይትና ፊልትሮ ጊዜው ሳያልፍ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሳይበጠስ፣ የፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ሳይነካ ይመጣሉ። ሥራው ትንሽ ስለሆነ ሁልጊዜ ለእኔ ይደርሳል። ብዙ አናወራም። እሳቸው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ እሠራለሁ። ከጋራዡ ሰው ሁሉ ጋር ከማወራው ይልቅ ያ ዝምታ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ከጋራዡ ጀርባ ያለው ሰፈር ለመልሶ ማልማት ፈረሰ፤ ጋራዡ ግን ተረፈ። የእትዬ ብርሃኔ ቤትም አብሮ ሄደ። ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ አራተኛ ፎቅ። ከጀርባችን የነበሩት ሻይ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ጎሚስታው አንድ በአንድ ጠፉ። ጠዋት ስገባ ሰላም የምላቸው ሰዎች አልቀሩም፤ ድሮም ጥቂት ነበሩ።

እትዬ ብርሃኔ ግን መኪናዋን ይዘው መምጣታቸውን አላቋረጡም። እሑድ ድሮ ወደሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን፣ በሥራ ቀን ደግሞ ወደ እኛ። ጉልበታቸው ለታክሲ ግፊያ አይሆንም። ልጃቸው በስልክ «እማዬ፣ በቃ ሽጪያት» እያለ ይነዘንዛቸዋል።

አንድ ቀን መስቀል አደባባይን አልፈው ወደ እኛ ዳገቱን ሲወጡ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። መኪናዋን ጎትተን አመጣናት። ጋሽ ታደሰ ኮፈኑን ከፍተው እንፋሎቱ እስኪወጣ ጠበቁ።

«ቴስታታው ታጥፎ ከሆነ አለቀላት» አሉ። ቴስታታ የምንለው የሞተሩን የላይኛውን ክፍል ነው። «ለዚህ ዕድሜ ሞተር ቴስታታ ቀይሩ ብዬ አልመክርም። ለመለዋወጫ ይሽጧት፣ እትዬ።»

እትዬ ብርሃኔ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ከሸጥኳትማ እዚህ ማን ያመጣኛል?» አሉ።

ሞተሩ ሲበርድ ዘይቱን ጨርቅ ላይ አየሁት። ቴስታታው ታጥፎ ውሃ ቢገባበት ኖሮ እንደ ወተት ይነጣ ነበር። አልነጣም። ራዲያተሩን ሳፈስ ዝገት የበዛበት ቡናማ ውሃ ወጣ፤ የሚሞላባት የቧንቧ ውሃ ነበር። የቴርሞስታቱን ቤት ስፈታ ባዶ ሆኖ አገኘሁት።

ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን አግዶ የሚይዝ፣ ሲሞቅ የሚለቅ ትንሽ ክዳን ነው። እኛ ጋ መኪና ሲግል መጀመሪያ የሚደረገው እሱን አውጥቶ መጣል ነው። መኪናው ይበርዳል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። ሞተሩ ግን ከዚያ በኋላ በደንብ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል። የራዲያተሩ መደፈንም አንድ ቀን ዳገት ላይ እስኪያጋልጥ ድረስ ተሸፍኖ ይቆያል።

«ጋሽ ታደሰ፣ ቴርሞስታት የላትም» አልኩ።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

ወደ እትዬ ብርሃኔ አየሁ፤ እሳቸው መኪናዋን እንጂ እኛን አያዩም።

«ይመለስ እላለሁ። ራዲያተሩም ወርዶ ይጠረግ። ቴስታታው የታጠፈ አይመስለኝም።»

«ብርድ አገር ነው እንዴ ያለነው? ገበያ ላይ ያለው ቴርሞስታት ስንት ሞተር እንደጨረሰ ታውቂያለሽ? አንዴ ከተዘጋ ተዘግቶ ይቀራል።»

«ኢንጂነር ዛሬ አፍ አወጣች» አለ ሳሚ።

«ሳንገጥመው በፊት ውሃ ውስጥ እናፍላው» አልኩ። «ካልተከፈተ አንገጥመውም።»

ጋሽ ታደሰ ሳሚን አዲስ ቴርሞስታት እንዲገዛ ላኩት። ውሃ በጣሳ ምድጃ ላይ ጣድኩ፤ ቴርሞስታቱን በሽቦ አስሬ አንጠለጠልኩት። ውሃው ፈላ። ክዳኑ አልተከፈተም። ሳሚ እያጉረመረመ ተመልሶ ሄደ፣ ከሌላ ሱቅ ሌላ አመጣ።

ሁለተኛውን አንጠለጠልኩ። አራታችንም ጣሳው ላይ አጎነበስን።

«ተከፈተ» አሉ እትዬ ብርሃኔ፣ ከሁላችንም ቀድመው።

ጋሽ ታደሰ በፒንሳ አወጡት። ሲበርድ ተመልሶ መዘጋቱን አይተው «ግጠሚው» አሉኝ።

ራዲያተሩ ተጠረገ። በቧንቧ ውሃ ፈንታ ዝገት የሚከላከለውን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ኩላንት፣ ሞላሁ። ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ዳገቱን ነድተው ወጡ፤ እኔ ከጎናቸው ሆኜ መለኪያውን አያለሁ። ጠቋሚው መሃል ላይ ቆሞ ቀረ። ስንመለስ «የጣሳውን ነገር ለሳሚ በደንብ አሳዪው» አሉኝ።

ቪታራዋ ዛሬም ትሄዳለች። በቅርቡ እትዬ ብርሃኔ መጡና እንደ ልማዴ ኮፈኑን ከፍቼ ዘይቱን አየሁ።

«ገና ነው እኮ፣ እትዬ። ንጹሕ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። ቤታቸው የነበረበትን ቦታ ያዩ ነበር። አሁን በቆርቆሮ ታጥሯል።

ኮፈኑን ዘግቼ ሌላ በርጩማ አመጣሁ። ምሳዬን ከፈትኩ፤ አብረን በላን።

እንዲህ ያለች አሮጌ መኪና ስንት ዓመት ትቆያለች ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ሳትበላሽ የሚያመጣት ሰው እስካለ ድረስ ትቆያለች። መለዋወጫው ይገኛል።